በተራራ ሥር ያለፉ እጆች

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ አባዬ።

ሰላምታዬ የመተማን በረሃ ተሻግሮ ገዳሪፍ ይድረስና ከሰሊጥ ጆንያዎ አጠገብ በጤና ተቀምጠው ያግኝዎት። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ወንድሜ ጃቢር ባለፈው በስልክ "ደረጃ ሲወጡ ቆም እያሉ ነው" ካለኝ ወዲህ ልቤ አልተቀመጠም። ዓይንዎስ? መነጽሩን ያደርጉታል ወይስ አሁንም ውሎው ኪስዎ ውስጥ ነው? እንቅልፍዎስ? ምግብስ ይስማማዎታል? የዚያ አገር ሙቀት ለሸመገለ ሰው አይበጅም ይላሉ፤ እርስዎ ደግሞ የማይስማማኝ የጎንደር ብርድ ነው ይላሉ። ብቻ አላህ ከሚስማማዎ ጋር ያውልዎ።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማም ደህና ናት፤ ያ ሲያሠቃያት የከረመው ጥርሷ ተነቅሎላት ተገላግላለች። ጉንጯን አስራ ዝም ብላ በተቀመጠችባቸው ቀናት ቤታችን የሰው ቤት መስሎን ነበር። አሁን ግን አፏ ተፈቶ እኔን መቆጣት ጀምራለችና አይስጉ። የጓሮው ኮክ አበባውን አራግፎ ፍሬ ይዟል። ጣራውንም ክረምት ሳይገባ እናስጠግነዋለን።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ሾፌሩ ካሣዬ ነው። ነገሩን በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር፤ መስመሩ እየተቆራረጠ "ምን? ማን ታመመ?" እያሉ ሲደነግጡ ተውሁት። ይህ ደግሞ ተቆራርጦ የሚነገር ነገር አይደለም። ደግሞስ እርስዎ ደብዳቤ ሲሆን ደጋግመው ያስነብቡታል፤ እኔም ደጋግመው እንዲሰሙት የምፈልገው ነገር ነው።

በመጨረሻው ደብዳቤዎ "ልጄ፣ ሰው የልጅህ ሥራ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ኮምፒውተር ነው ከማለት ሌላ የምመልሰው የለኝም" ብለውኛል። እውነትዎን ነው፤ እኔም አስረድቼዎት አላውቅም። ካሁን በፊት ለማስረዳት ብሞክርም የሚሆንልኝ አይመስለኝም፤ ሥራዬ ምን እንደሆነ እኔ ራሴ በቅጡ ያወቅሁት በዚህ ወር ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታላችን በገጠር ካሉ ጤና ጣቢያዎች ጋር እንዲገናኝ ተወስኗል፤ እዚያ ያለው ባለሙያ የሕመምተኛውን ምስል እያሳየ እዚህ ያለውን ሐኪም እንዲያማክር። ግን አባዬ፣ የስልክና የኢንተርኔት መስመር የሁሉ ሰው መንገድ ነው። የታመመ ሰው ገመና በዚያ ላይ ተገልጦ አይሄድም። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ ራውተር የሚባል፣ መልእክት ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚያዝ ትንሽ ሳጥን እናስቀምጣለን። ለሁለቱ ሳጥኖች ሌላ ማንም የማያውቀው አንድ የምስጢር ቃል እንሰጣቸዋለን። ከዚያ በኋላ በአንደኛው በኩል የገባው ሁሉ ተሸፍኖና ተቆልፎ በዚያው በሁሉ ሰው መንገድ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው እንዳለፈ ቢያይ እንኳ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የሚፈታው ማዶ ያለው ሳጥን ብቻ ነው። ይህን ቪፒኤን ይሉታል። የተሸፈነውን መተላለፊያ ደግሞ እኛ ሠራተኞቹ ታነል እንለዋለን። እንግዲህ የእኔ ሥራ ይኸው ነው፤ ማንም የማያየው መተላለፊያ መቆፈር።

በጥር መጨረሻ ጃናሞራ ውስጥ ወዳለችው መካነ ብርሃን ሄዶ ራውተር የሚተክል ሰው ሲፈለግ እኔ እሄዳለሁ አልሁ። እማ ስትሰማ "ጃናሞራ? በዚህ ብርድ? ሴት ልጅ ብቻዋን?" ብላ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ አወረደችብኝ። በኋላ ግን ቤዚ የምትባለው የጤና ጣቢያው ነርስ ራሷ ደውላ "እናቴ፣ ከእኔ ጋር ነው የምታድረው፤ እንደ እህቴ ነው የምይዛት" ስትላት ልቧ ራራ። የምለብሰውን ሁሉ በላይ በላዩ ደራርባ፣ ዱዓ አድርጋ ሸኘችኝ።

አባዬ፣ እርስዎ ቆላውን ነው እንጂ ያንን ደጋ አያውቁትም። ከደባርቅ ካለፉ በኋላ መንገዱ የሚሄደው ወደ ሰማይ ነው። ቧሂት ላይ ስንደርስ ፀሐይ ያላገኘው ሣር ገና በውርጭ ነጭቶ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከብርዱ የተነሣ እርስ በርስ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። በስተግራ ገደሉ ታች ድረስ ይወርድና ከግርጌው ደመና ተኝቷል። ራውተሩን መንገጫገጩ እንዳይጎዳው በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ታቅፌው ነበርና የሆስፒታሉ ሾፌር "ለክርስትና ነው እንዴ የምትወስጂው?" ብሎ ሳቀብኝ። መካነ ብርሃን ስንገባ ቀኑ መሽቶ፣ ወገቤም አልቆ ነበር። ከጎንደር እስከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ነው፤ ይህን ልብ ይበሉልኝ።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ምስጋናው ይባላል፤ የጤና መኮንን ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው። በማግስቱ ራውተሩን ከምርመራ ክፍሉ ቀጥሎ ካለው ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። ከኮረብታው የስልክ ማማ ምልክት የሚቀበለውን አንቴና ከጣራው ላይ አሰርን። ከዚያ የሥራ ባልደረባዬ በላቸው ጎንደር ካለው ራውተር ፊት፣ እኔ መካነ ብርሃን ካለው ራውተር ፊት ተቀምጠን በስልክ እየተነጋገርን ሥራ ጀመርን። የአንዱን አድራሻ ለሌላው እንጽፋለን። በምን ዓይነት ቁልፍ እንደሚቆልፉ፣ ማንን እንደሚያሳልፉ፣ ማንን እንደሚመልሱ እንነግራቸዋለን። አንዲት ነጥብ ከተሳሳተች ሁለቱ ሳጥኖች እንደተኳረፉ ጎረቤቶች ጀርባ ይሰጣጣሉ። የእኛዎቹም ተኳረፉ። ስንፈልግ ስንፈልግ ቆይተን፣ ለካ የምስጢሩን ቃል በላቸው በትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ጀምሮት፣ እኔ በትንሹ። በላቸው "በአንድ ፊደል የተጣላ ሰው አይቼ አላውቅም" እያለ አስተካከለው።

ከዚያ ትንሽ ምልክት ላክሁ። "አለህ?" እንደማለት ናት። ከጎንደር "አለሁ" የሚለው መልስ ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ መጣ። ሱብሓነላህ! ያን ሁሉ ገደል፣ ያን ሁሉ ውርጭ፣ ቀኑን ሙሉ ወገቤን የቆረጠውን መንገድ አቋርጣ ደርሳ ተመልሳለች። ከዚያ በፊት ይህን መልስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ግን ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው ፎቅ ነበር። ርቀቱን በገላዬ ለክቼ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ግን ገና ምንም አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው መጡ። የተኛችው ሴት እታገኘሁ ትባላለች። ከወለደች ገና ሳምንት አልሞላትም፤ ትኩሳቱ እንደ እሳት ይለበልባታል። ባሏ አስማረ ከቃሬዛው ጎን ጎን ይሄዳል፤ አራሱን ሕፃን በጋቢው ሸፍኖ ደረቱ ላይ ለጥፎታል። ረጅም፣ ጠይም፣ ፊቱን ፀሐይ ያከሰመው ገበሬ ነው። ገና ከበሩ "አትሰማም፤ አትናገርም፤ እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ" አለ።

ምስጋናው መረመራትና የወሊድ ትኩሳት መሆኑን ነገረው፤ ሳይውል ሳያድር መርፌ መጀመር አለባት አለ። ቤዚ መድኃኒቱን ከብልቃጡ ስትቀዳ ሴትዮዋ ብልቃጡን አየችው። አባዬ፣ ቀና ማለት ያቃታት ሰው እንዴት እንደተነሣች አላውቅም። የራሷን እጅ ነጥቃ ሰበሰበች፤ አንገቷን በሁለት እጇ ያዘች፤ ብልቃጡን ታሳያለች፤ እንደገና አንገቷን ትይዛለች። ዓይኗ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ይቅበዘበዛል። ቤዚ "ጉሮሮዋንም አሟታል መሰለኝ" አለች። አስማረ "መርፌ ፈርታ ነው፤ እኔ ልያዝላችሁ፤ ውጓት" ብሎ ሕፃኑን ለጎረቤቱ ሰጠና ትከሻዋን ያዛት። በልቡ እንባ እያነባ ነው የያዛት፤ ያስታውቃል።

በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው በር ክፍት ስለነበር ሁሉንም አያለሁ። ጣቶቿን ሳይ አንድ ነገር ልቤን መታኝ። እጇን ዝም ብላ አይደለም የምታወናጭፈው። ጣቶቿ ተራ ጠብቀው፣ ቅርጽ እየያዙ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እየተከተለ ነው የሚንቀሳቀሱት። ጎንደር ተማሪ ሳለሁ ግቢያችን ውስጥ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ሲጨዋወቱ ያየሁት ልክ እንዲህ ነው። ዘልዬ ገባሁና "አያ አስማረ፣ የእጅ ቋንቋ ተምራ ታውቃለች?" አልሁት።

እሱም እጁን ከትከሻዋ ሳያነሣ "ልጅ ሳለች ጎንደር አጎቷ ዘንድ ሆና፣ እንደሷ ያሉ ልጆች የሚማሩበት ቤት ገብታ ነበር አሉ። አጎቷ ሲሞት አመጧት። እዚህ የሚያውቅላት ሰው የለም። ምነው?" አለኝ።

"እየተናገረች ነው" አልሁት። "እኛ ነን እንጂ ያልሰማን እሷስ እየተናገረች ነው።"

ምስጋናው ይህን ሲሰማ የቤዚን እጅ ያዘና መርፌውን አስቀመጠው። "መርፌውን ይሁን መድኃኒቱን የምትፈራው ማወቅ አለብኝ" አለ። ቀጥሎም ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ "ግን ብዙ መቆየት አንችልም፤ ትኩሳቱ አይጠብቀንም" አለኝ።

በላቸው ዘንድ ደወልሁ። በላቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ፀዳ ነው የሚኖረው፤ ሐረገወይን የምትባል ጎረቤት አለችው፤ ከተማው ውስጥ መስማት የተሳናቸውን ልጆች የምታስተምር። ነገሩን ሳልጨርስለት "ይዣት መጣሁ" ብሎ ዘጋው። በባጃጅ ሄዶ ከክፍል አስወጥቶ ነው ያመጣት። እንግዲህ ስልክ ለዚች ሴት ምን ያደርግላታል አባዬ? ስልክ የሚያሳልፈው ድምፅ ነው። የሷ ንግግር በዓይን ነው የሚሰማው። የሆስፒታሉ ምስል ማስተላለፊያ ደግሞ ከውጭ በር የለውም፤ የሚገባበት መንገድ ያቺ ትናንት የቆፈርናት ታነል ብቻ ናት።

ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ከአልጋዋ ፊት አደረግሁት። በላቸው ከወዲያ ከፈተ፤ እኔ ከወዲህ ከፈትሁ። ምስሉ የሚታይበት መስኮት ተከፈተ፤ ጥቁር ነው። ዘግቼ ከፈትሁት። ጥቁር ነው። "አለህ?" የምትለውን ምልክት ስልካት፣ "አለሁ" የሚለው መልስ እንደ ትናንቱ ከተፍ ይላል። ታነሏ አለች፤ ምስሉ ግን አያልፍም። ላቤ በዚያ ብርድ በጀርባዬ ወረደ። አስማረ አንዴ ጥቁሩን መስኮት አንዴ እኔን ያያል። ሴትዮዋ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ምስጋናው እጇን ይዞ የልብ ትርታዋን ይቆጥራል።

"በላቸው፣ ትንሹ ያልፋል፤ ትልቁ አያልፍም" አልሁት በስልክ።

"መጠኑ ይሆናል፤ እስቲ እያሳደግሽ ላኪ" አለኝ።

ምልክቷን ጥቂት ጥቂት እያሳደግሁ ላክሁ። አለፈች። ጨመርሁ፤ አለፈች። ጨመርሁ፤ ቀረች። መልስም፣ ስሞታም፣ ምንም የለም፤ እንደ ጠጠር ገደል ገብታ ቀረች። ያን ጊዜ ገባኝ። አባዬ፣ እርስዎ ከሳንጃ ሰሊጥ ሲጭኑ ያውቁታል። ጆንያው በበሩ ልክ ነው፤ ዝናብ እንዳይመታው ብለው ሌላ ጆንያ ሲያለብሱት ግን ይወፍርና በሩ ላይ ይቀራል። የኛም እንዲያው ነው። እያንዳንዱ መልእክት ሲቆለፍና ሲሸፈን ሽፋኑ ራሱ ያወፍረዋል። ትንሿ ምልክት ተሸፍናም ቀጭን ናት፤ ታልፋለች። ምስል ግን በበሩ ልክ እየተሞላ ነው የሚመጣው፤ ሽፋኑ ሲደረብበት መስመሩ አልቀበልም ብሎ ይጥለዋል፤ መጣሉንም ለማንም አይናገርም። መድኃኒቱ ሁለቱም ራውተሮች መልእክቱን ከመሸፈናቸው በፊት አሳጥረው እንዲቆርጡት ማዘዝ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

በላቸው በወዲያ፣ እኔ በወዲህ፣ የመልእክቱን ልክ የሚወስነውን ቁጥር ዝቅ አድርገን ጻፍን። ጣቴ ከብርዱ ይሁን ከፍርሃቱ እየተሳሳተብኝ ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ጻፍሁት። ቢስሚላህ ብዬ አስገባሁት።

ጥቁሩ መስኮት በራ።

ሐረገወይን መጣች። ቢጫ ሹራብ ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ ከጎንደር ሆና ከአልጋው ፊት ተቀመጠች። እጇን አንስታ በጣቶቿ አንድ ነገር ብቻ አለች። እታገኘሁ ደርቃ ቀረች። አፏ ተከፈተ። በሕይወቷ ያልጠበቀችው ሰው በር ከፍቶ የገባባት ይመስል ነበር። ቀጥሎ እጆቿ ተፈቱ። አባዬ፣ ለዓመታት ተገድቦ የቆየ ውሃ ሲለቀቅ አይተው ያውቃሉ? ትኩሳቷን ረሳችው። ጣቶቿ ይሮጣሉ፤ ይጋጫሉ፤ ይመለሳሉ። ሐረገወይን "ቀስ" የምትል ይመስለኛል መዳፏን ወደታች ታደርጋለች፤ እሷ ግን አልቻለችም።

ሐረገወይን ዓይኗን ከሷ ሳትነቅል በድምፅ እንዲህ አለች፦ "መርፌ አልፈራም ነው የምትለው። ልጅ ሆኜ ጎንደር ሳለሁ፣ ጉሮሮዬን ሲያመኝ፣ እንዲህ ካለው ብልቃጥ ተወጋሁ። ፊቴ አበጠ፤ ጉሮሮዬ ተዘጋ፤ ትንፋሽ አጣሁ። ሐኪሙ ይህ መድኃኒት ዳግመኛ እንዳይነካሽ፣ ይገድልሻል ማለቱን መምህሬ በእጇ ነግራኛለች። ልጄ ገና ጡት አልጠገበም፤ አትግደሉኝ ነው የምትለው።"

ቤዚ የቀዳችውን መርፌ አንስታ ወሰደችው፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። አስማረ ትከሻዋን የያዘበትን እጁን አነሣና እንደ ባዕድ ነገር አገላብጦ አየው። "እኔኮ ነበርሁ የያዝኋት" አለ። ደግሞ "እኔኮ ነበርሁ" አለ። ምስጋናው "ሁላችንም ነበርን አያ አስማረ፤ ደግነቱ ተናገረች" አለው።

ወዲያው ከሆስፒታሉ አንድ ሐኪም በዚያው መስኮት መጣና ከምስጋናው ጋር ተማከሩ። ከዚያኛው ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ሌላ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ነበር። ሐረገወይን እያንዳንዱን ነገር በእጇ ነገረቻት፤ ስሙን፣ ምን እንደሚያደርግ፣ ለምን እንደማይጎዳት። እታገኘሁ ብልቃጡን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ከዚያ ራሷ እጇን ዘረጋችላቸው።

የመጀመሪያው ቀን አስፈሪ ነበር። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ጋብ አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስገባ ትራስ ተደግፋ ሕፃኑን ታጠባለች፤ ስታየኝ ፊቷ በራ። አልሐምዱሊላህ። ታነሏን በየጊዜው እከፍትላት ነበር። ሐረገወይን ከክፍል ስትወጣ እየመጣች ትቀመጣለች፤ ሁለቱ ያወራሉ። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። አንዳንዴ ትስቃለች፤ ሳቋ ድምፅ አለው፤ ወፈር ያለ፣ የሚያስቅ ሳቅ። አንዳንዴ ታለቅሳለች። አስማረ አልጋው ጥግ ቁጭ ብሎ ያያታል። እንዲያ ስታወራ አይቷት አያውቅም። አንድ ጊዜ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "እኔኮ ዝምተኛ ናት ብዬ ነበር" አለኝ።

በዚያው በሦስተኛው ቀን አስማረ ጉሮሮውን ጠራረገና ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ሰው ፊት እንደቆመ ባርኔጣውን አወለቀ። "እትዬ መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ነውር ካልሆነ" አለ። "ምን ብላ ነው የምትጠራኝ? እንዲያው በሷ ቋንቋ ስም አለኝ ወይ?"

ሐረገወይን ጠየቀቻት። እታገኘሁ ወደ ባሏ ዞረች፤ አፈር አለች። ከዚያ ቡጢዋን ጨብጣ የሌላውን እጇን መዳፍ ሁለት ጊዜ መታች።

አስማረ "እሱማ ና ማለቷ ነው። ስትፈልገኝ ሁልጊዜ እንዲያ ነው የምታደርገው" አለ።

ሐረገወይን እንደገና በእጇ ጠየቀቻትና "አይደለም አያ አስማረ" አለችው። "ስምህ ነው። የተጋባችሁ ሰሞን ከውጭ ስትገባ እንዳትደነግጥብህ ብለህ ወለሉን በእግርህ ሁለት ጊዜ ትረግጥላት ነበር ትላለች። ንዝረቱ ከመሬቱ በእግሯ ሲገባ ትሰማሃለች። አሁንም ታደርገዋለህ። ሌላ ሰው ሲመጣ መሬቱ ዝም ይላል፤ አንተ ስትመጣ ግን ይጠራታል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስምህ ይኸው ነው ነው የምትለው።"

አባዬ፣ ያን ሰውዬ ባዩት። ስንት ዘመን ሙሉ በስሙ ስትጠራው ኖራ አላወቀም። አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ቀና ሲል ዓይኑን አልጠረገም። ወደ መስኮቱ ተመልሶ "የሷንስ ስም እንዴት ብዬ ልጥራ?" አለ።

ሐረገወይን እታገኘሁን ጠይቃ፣ በልጅነቷ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ይጠሯት የነበረውን ስም አሳየችው፤ ሌባ ጣትን ጉንጭ ላይ አድርጎ ማዞር ነው፤ ስትስቅ ጉንጯ ስለሚሰረጉድ። አስማረ ሕፃኑን በግራ ክንዱ አቅፎ፣ ያን በእርፍ የሻከረ ቀኝ እጁን አነሣ። ጣቱ አልታዘዝ አለው። እንደገና ሞከረ። ጉንጩ ላይ አድርጎ አዞረው፤ ዞሮም ሚስቱን አያት።

እታገኘሁ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ትከሻዋ ይርገበገባል። ስትገልጠው ግን ጉንጯ እንደስሟ ተሰርጉዶ ነበር።

እኔ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ወደ ራውተሩ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ያች አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። ያ ሁሉ ነገር በሷ ውስጥ ሲያልፍ እሷ ምንም አታውቅም። የሰው ስም፣ የሰው ሞት፣ የሰው ሳቅ ተቆልፎ፣ ተሸፍኖ፣ በተራራው ሥር አልፎ ሄደ። የጌታን ሥራ ተመልከቱ ሲባል እኔ እስከዛሬ ሰማይና ባሕር ነበር የሚታየኝ። ሰጋጃዬን አንጥፌ ሁለት ረከዐ ሰገድሁ።

አሁን ምስጋናው በየገበያው ቀን ከሰዓት በኋላ መስኮቱ እንዲከፈትላት ፈቅዷል፤ አስማረም አብሯት ይማራል አለችኝ ቤዚ። ሌሎች ሁለት መስማት የተሳናቸው ልጆችንም ወላጆቻቸው ከሩቅ ቀበሌ ይዘው መጥተዋል አሉ። አያቸው ዘንድ ልቤ ይጓጓል። ሥራዋ ምንድን ነው የሚልዎ ሰው ካለ እንግዲህ ይህን ይንገሩልኝ አባዬ፤ ሲነግሩም እንደሚያሳጥሩት አውቃለሁ፤ አሳጥረው ቢሉትም ይሁን።

ለወንድሜ ለጃቢር ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ጉልበትዎን ሐኪም ካላሳየልኝ ከእኔ ጋር እንደሚጣላ ይንገሩልኝ። ለሚስቱ ለሰሚያ፣ ያ የላከችልኝ ሻሽ ከጃናሞራ ብርድ እንዳዳነኝ ይንገሩልኝ፤ እጇ ይባረክ። ትንሹን ልጃቸውን ኡዘይርን ሁለቱንም ጉንጩን ይሳሙልኝ፤ መራመድ ጀመረ መባሉን ስሰማ እማ እልል ብላለች። ከገበያው ለሚያውቁን የጎንደር ሰዎች ሁሉ፣ በስም ባልጠራቸውም፣ ሰላም ይበሉልኝ። እማ ደግሞ ጥርሷ እንደተነቀለ ሳይሆን እንደናፈቋት ጻፊለት ብላኛለች፤ ይኸው ጻፍሁ። ግንባርዎንና ጉልበትዎን ስሜያለሁ፤ በዱዓዎ አይርሱኝ።

ልጅዎ ፈህሚያ ዐብደላ

ጎንደር፣ የካቲት 18 ቀን 2007 ዓ.ም.